ነጥቧ በየ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትመለሳለች

ሰኔ ለእኔ የእንቅልፍ ወር አይደለም። 6 ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ መጠረዣ፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ ይዛለች። ሰኔ ላይ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስገባት ይሯሯጣል። ሌሊቱን ሲጽፍ ያድርና ገና ሱቁን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ፍላሹን ጨብጦ።

ባለፈው ሰኔ አንዷ እንዲህ መጣች። እስከ 6 ሰዓት ሦስት ቅጂ አስጠርዛ ማስገባት አለባት። ጽሑፉ 94 ገጽ ነው። ሰዓቱ 3 ሰዓት ከሩብ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ወጡ። አንስቼ ሳያቸው በቀኝ ዳር በኩል ጥቁር ነጥብ አለች። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። አንዱ ገጽ ላይ አራት ጊዜ ተደግማለች። ቀጣዩም ላይ እንዲሁ፣ እዚያው መስመር ላይ።

"ፕሪንተሩ ተበላሸ እንዴ፣ እትዬ?" አለችኝ። እንባዋ ደርሷል።

መሳቢያዬን ከፍቼ ማስመሪያ አወጣሁ። ከአንዷ ነጥብ እስከ ቀጣይዋ ለካሁ። 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ከሁለተኛዋ እስከ ሦስተኛዋ ለካሁ። አሁንም 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል።

ማስመሪያውን ያስያዘኝ ጋሼ ነው። ጋሼ የምለው መርካቶ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ነው። ከ11 ዓመት በፊት ሱቁን ስከፍት፣ ማሽን በቆመ ቁጥር በላዳ ይዤለት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑን ሳይነካ የወጣውን ወረቀት ብቻ አይቶ መለሰልኝ። "ልጄ፣ ማሽኑን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢ። ችግሩን የሚነግርሽ እሱ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከወረቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ቀላል ነው። ፕሪንተር ውስጥ የሚዞሩት ነገሮች ሁሉ ክብ ናቸው። አንዱ ላይ ጠባሳ ወይም ቆሻሻ ካለ፣ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ ያርፋል። ስለዚህ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት የዚያ የሚዞረው ነገር ዙሪያ ነው። የእኔ ማሽን ካርትሪጅ፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱ ማደሪያ፣ ውስጥ ድራም የሚባል የሚዞር ሲሊንደር አለ፤ ገጹ መጀመሪያ የሚሣለው እሱ ላይ ነው። ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። በ3.14 ሲባዛ 75 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ያው 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ርቀቱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ኖሮ፣ ድራሙን በኤሌክትሪክ የሚሞላውን ቀጭን ሮለር እጠረጥር ነበር። ማሽን ከማሽን ልኩ ይለያያል። ግን የእናንተን ማሽን የጥገና መመሪያ ብታዩ፣ የትኛው ርቀት የትኛው ሮለር እንደሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ አለው።

ትርፍ ካርትሪጅ ቢኖረኝ ቀይሬ እገላገል ነበር። ሊሞላ ሄዷል። ስለዚህ የተገጠመውን አወጣሁ። ኒዮኑን አጠፋሁ፣ ለበሩም ጀርባዬን ሰጠሁ። ድራም ብርሃን አይወድም። ፀሐይ ላይ ከተውነው ይጎዳል፣ ገጹም ይደበዝዛል ወይም ይጠቁራል። መከለያውን ገፋ አድርጌ አየሁት። አረንጓዴ ነው፣ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የዳሩን ጥርስ ይዤ ወደ ሥራ አቅጣጫው ብቻ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ሩብ ዙር። ግማሽ ዙር። ከዚያ ብቅ አለች። ዳር ላይ የተጣበቀች የሙጫ ጠብታ ናት። ቀለም ይዛ ጠቁራለች።

ከየት እንደመጣች ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ደንበኛ ግማሹ የተላጠ የስቲከር ወረቀት አምጥቶ "የቀረው ላይ አትሚልኝ" ብሎኝ ነበር። አተምኩለት። ማድረግ አልነበረብኝም። ስቲከሩ የተነሳበት ቦታ ዳር ዳሩ ሙጫ ይይዛል። ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ሙጫውን ያቀልጠዋል። አሁን ሙሉ ካልሆነ የስቲከር ወረቀት አልቀበልም። ደንበኛው ቢቀየምም ምክንያቱን አስረዳለሁ።

በጥፍር አልነካሁትም። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አለኝ፣ ለስላሳና ደረቅ። ትንፋሼን እፍ እያልኩ ደጋግሜ ጠረግሁት። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ለቀቀች። ካርትሪጁን መለስኩና አንድ ገጽ አተምኩ። ነጥቧ የለችም። ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እሷም ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። 5 ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስቱም ተጠርዘው ወጡ።

ይህን በሰፊው የጻፍኩት ምክንያት አለኝ። "ፕሪንተሩ ተበላሸ" የሚባለው አብዛኛው ነገር ብልሽት አይደለም። ወረቀቱ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የተነካ ነገር ነው። ሰው ግን ይደነግጣል። ደንግጦ ይጎትታል፣ ይመታል፣ ያጠፋል ያበራል። እውነተኛው ብልሽት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ብለው ከደሞዛቸው ቆርጠው አዲስ ማሽን የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። የድሮው ምንም አልነበረውም።

ወረቀት በማንበብ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጥፋቱ ከካርትሪጁ ይሁን ቀለሙን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ከሚያጣብቀው ማሞቂያ መለየት ሲያቅታችሁ፣ ገጹ ግማሽ መንገድ ላይ እንዳለ በሩን ክፈቱት። ማሽኑ ይቆማል። ወረቀቱን በቀስታ አውጡትና ገና ማሞቂያው ውስጥ ያልገባውን ክፍል እዩ። ቀለሙ ዱቄት እንደሆነ ተቀምጧል። እንዳትነኩት፣ ይደበሰባል። ነጥቡ ወይም መስመሩ እዚያው ካለ ጥፋቱ ከካርትሪጁ ነው። እዚያ ንጹህ ሆኖ የወጣው ላይ ብቻ ካለ ማሞቂያው ነው። ካርትሪጅ እናንተው እቤታችሁ የምትቀይሩት ነገር ነው። ማሞቂያ ግን ለጠጋኝ ነው።

ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር ሌላ ታሪክ ነው። ኮፒ ስታደርጉ ብቻ የሚመጣ፣ ከኮምፒውተር ስታትሙ ግን የማይታይ ከሆነ ቶነሩን፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱን፣ አትንኩት። ወረቀት በራሱ ስቦ የሚያነብ ኮፒ ማሽን ከትልቁ መስታወት ጎን ጣት የምታክል ጠባብ መስታወት አለው። እዚያ ላይ የተቀባች አንዲት የነጭ ማጥፊያ ጠብታ እስከ ገጹ መጨረሻ መስመር ታሰምራለች። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ አለቀ። ስንት ሰው ለዚህ ብሎ ካርትሪጅ እንደቀየረ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁሉም ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን የካርትሪጁ መጥረጊያ ላስቲክ አልቋል ወይም ድራሙ ተጭሯል። ይህ ብዙ ጊዜ በተሞላ ካርትሪጅ ላይ ይመጣል። ቀለም ማስሞላት አልቃወምም፣ እኔም አስሞላለሁ። አዲሱን በየጊዜው ለመግዛት አቅም የለኝም። ነገር ግን ሲሞላ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ያገለገለው ቆሻሻ ቀለም ከክፍሉ ተራግፏል ወይ? ካልተራገፈ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወረቀቱ ግራጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ድራሙ ስንተኛ ሙሌቱ ነው? በእኔ ልምድ ከሦስተኛው በኋላ ድራሙንም መጥረጊያውንም ማስቀየር ይሻላል። አንድ ጊዜ አንዱ ቀለም የሚሞላ ቤት ቆሻሻውን ሳያራግፍ ሰጥቶኝ ሙሉ ቀን ሥራ አበላሽቶብኛል። አሁን ቆሜ እያየሁ ነው የማስሞላው።

ስለ ቀለም ማለቅም ሰው ይሟገተኛል። "ባለፈው ወር አስሞላሁ፣ እንዴት አለቀ?" የኤችፒ 85ኤ ካርትሪጅ 1,600 ገጽ አካባቢ፣ 12ኤ ደግሞ 2,000 ገጽ አካባቢ ያወጣሉ ይባላል። ልኩ ግን የገጹ 5 በመቶ ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው። አጠር ያለች ደብዳቤ ማለት ነው። ባለ ጥቁር ሰንጠረዥና ባለ ፎቶ ገጽ ስታትሙ ግማሹንም አይሞላ። ገጹ መሃል ላይ ወደ ታች መንጣት ሲጀምር ካርትሪጁን አውጡና ግራና ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ወደ አንድ ወገን የተከማቸው ዱቄት ይደላደላል። ለአስቸኳይ ሥራ የሚበቃ ጥቂት ገጽ ይሰጣችኋል።

ዱቄቱ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ሙቅ ውሃ አይንካው። የቶነር ቀለም ቀልጦ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ያትመዋል። መጀመሪያ አራግፉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ።

አሁን ወደ ክረምት ልግባ። ለእኛ አገር ፕሪንተር ዋናው ፈተና እዚህ ነው።

ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን አቤቱታ እያተምኩለት ሳለ "ጨሰ! ንቀይው!" ብሎ ጮኸ። እውነትም ከወረቀቱ መውጫ ነጭ ነገር እየተነነ ነው። እሱ ገመዱን ሊነቅል እጁን ሰደደ። ያዝኩት። ሽታ የለውም። እጄን አስጠጋሁ፣ እርጥብ ነው። እንፋሎት ነበር። ወረቀቱን ያን ቀን ጠዋት ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንስቼ ነው የጨመርኩት። ማሞቂያው 200 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እርጥበት የጠጣ ወረቀት እዚያ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ይተናል። ወረቀቱም ተጠማዝዞ ይወጣል፣ ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ይነክሳል፣ ማለትም ወረቀቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

እርጥበት የሚጎዳው በመጠምዘዝ ብቻ አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ሲታሽ ብጣሽ ወረቀት በሚስበው ኤሌክትሪክ ነው። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒው ዮርክ አስቶሪያ ውስጥ የመጀመሪያውን ደረቅ ኮፒ ሲያወጣ፣ ድኝ የተቀባ ብረት በጨርቅ አሽቶ ነበር። ከዚያ ብርሃን አሳየው፣ ዱቄት ነሰነሰበት፣ ወረቀት ለጠፈበት። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ማሽን ያንኑ ነገር በሰከንዶች ውስጥ ይሠራል። እርጥብ ወረቀት ያንን ኤሌክትሪክ ያፈስሰዋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ጽሑፉ ቦታ ቦታ እየዘለለ ሲደበዝዝ ቶነር ከማስሞላታችሁ በፊት አዲስ ደስጣ ክፈቱ።

እኔ አሁን ወረቀት ወለል ላይ አላስቀምጥም። የእንጨት መደርደሪያ አሠርቻለሁ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል የራቀ። የተከፈተ ደስጣ ማታ ማታ ፌስታል ውስጥ አስሬ አኖራለሁ። ማሽኑ ውስጥ የተረፈውንም አወጣለሁ። በጋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አየሩ ይደርቅና ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሦስት አራቱ አብሮ ይገባል። ያኔ ከመጨመራችሁ በፊት ደስጣውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ፈርፈር አድርጉት። ከማሸጊያው ላይ ያለችውን ቀስትም እዩ። የቱ ፊት መጀመሪያ መታተም እንዳለበት ትናገራለች።

ወረቀት ሲነክስ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ። ካርትሪጁን አውጡ። ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በቀስታ ሳቡ። ወደ ኋላ ስትስቡት ጥርሶቹን ታስጨንቃላችሁ። ከኋላ በር ካለው እሱንም ክፈቱት። ማሞቂያው አጠገብ ስትደርሱ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ጣት ያቃጥላል። ቢላዋ፣ መቀስ፣ ስክሩድራይቨር በፍጹም። ማሞቂያው ላይ የተጠቀለለው ስስ ልባስ አንዴ ከተጫረ መተካት እንጂ መጠገን የለውም። አንድ ጎረቤቴ በመቀስ ጫፍ ወረቀት ሊያወጣ ብሎ ያንን ልባስ ቀዶ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ከፍሏል። ሰውየው እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሲያነሳ ያዝናል።

ሌላው ትልቁ ነገር ይኸውና። ወረቀቱ ተቀዶ ከወጣ ቁርጥራጮቹን አትጣሉ። ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሟቸው። አንድ ጥግ ጎደለ? ያ ጥግ ማሽኑ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ማሽኔ ባዶ ሆኖ "ወረቀት ነክሷል" እያለ ግማሽ ቀን አስጨነቀኝ። በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ የስልኬን መብራት አብርቼ ገባ ብዬ አየሁ። ክብሪት እንጨት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ምላስ አለች። ወረቀት ሲያልፍ ዝቅ ትላለች፣ ሲወጣ ትነሳለች። ማሽኑ ወረቀት መኖሩን የሚያውቀው በእሷ ነው። ከሥሯ ጥፍር የምታክል ብጣሽ ወረቀት ተሸጉጣ ዝቅ እንዳለች ይዛታለች። በቅንድብ መንቀያ ሳብኩና አወጣኋት። ምላሷ ቀጭ ብላ ተነሳች። ማሽኑ ወዲያው ዝግጁ ሆነ።

ወረቀት ጭራሽ የማያነሳ ከሆነ ደግሞ የሚያነሳው የጎማ ሮለር በወረቀት አቧራ ተለብዶ እንደ ሸክላ ልሟል ማለት ነው። በትንሹ በረጠበ ጨርቅ እያዞራችሁ እሹት። ጥቁር ቆሻሻ ይለቃል። ጎማው ሲደርቅ እንደገና ወረቀቱን ይዞ ያነሳል። ብዙ ጊዜ ይኼው ነው መድኃኒቱ።

ታናሽ እህቴ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። በሳምንት አንድ ጊዜ ትደውልልኛለች። "እታለም፣ ብርቱካናማው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ወረቀት ጨመርኩ፣ አሁንም ወረቀት ጨምሪ ይላል።" ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቃት "ፋይሉ ከየት መጣ?" ብዬ ነው። ከአሜሪካ የተላከ ወይም ከኢንተርኔት የወረደ ፎርም ከሆነ መልሱን አውቀዋለሁ። አሜሪካ የሚጠቀሙት ሌተር የሚባለውን ወረቀት ነው፣ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። የእኛ ኤ4 210 በ297 ነው፣ ጠበብ ብሎ ረዘም ይላል። ማሽኑ ሌተር ይጠብቃል፣ እኛ ኤ4 ሰጥተነዋል። ስለዚህ ቆሞ ይለምናል። ዎርድ ውስጥ ሌይአውት፣ ከዚያ ሳይዝ፣ ከዚያ ኤ4 ማድረግ ነው። ለጊዜው ብቻ ከሆነ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አንዴ መጫን ይበቃል፣ ባለው ወረቀት ያትማል። ነገር ግን ከጎን ትንሽ ሊቆረጥ ይችላል፣ እዩት።

የእሷ መሥሪያ ቤት ፕሪንተር በዋይፋይ ነው የሚሠራው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር "ኦፍላይን" ይላል። እዚያ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ በየጊዜው ፕሪንተሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭንላት ነበር። ጠንቁ ሌላ ነው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ጠፍቶ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ የአይፒ ቁጥር፣ ማለትም የኔትዎርክ አድራሻ፣ ሊያድል ይችላል። ትናንት ቁጥሩ 15 የነበረ ፕሪንተር ዛሬ 22 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን 15ን እያንኳኳ ይጠብቃል። ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር እንዲይዝለት ማድረግ ነው። አንዴ ከተሠራ አለቀ። በገመድ የምትጠቀሙ ደግሞ ገመዱን ከአንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ሌላው ስታዘዋውሩ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ማሽን ቆጥሮ "ኮፒ 1" የሚል ሌላ ስም ሊፈጥር ይችላል። የድሮው ኦፍላይን ይሆናል። ወደ ድሮው ቀዳዳ መልሱት።

ትእዛዝ ሰጥታችሁ ምንም ካልወጣ እባካችሁ ደግማችሁ አትጫኑ። ወረፋው ውስጥ አንድ የተበላሸ ፋይል ቆሞ ከኋላው ያሉትን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። "ካንስል" ብትሉትም እዚያው "ዲሊቲንግ" እያለ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ሰርቪስስ የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ፕሪንት ስፑለር የሚለውን ስቶፕ አድርጉ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብላችሁ ግቡ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጥፉ፣ ፎልደሩን አይደለም። ስፑለሩን መልሳችሁ ስታርት በሉ። ወረፋው ይጸዳል። ከዚያ በፊት ግን ዲፎልት ሆኖ የተመረጠው የእናንተ ፕሪንተር መሆኑን እዩ። ዊንዶውስ በራሱ መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን ይመርጣል። ሰው "ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ" ላይ እየላከ ማሽኑን የሚወቅስበት ቀን ብዙ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ለብቻው ልቤን ይነካኛል። አንድ ሽማግሌ የጻፉትን የቤተሰብ ታሪክ በፍላሽ አምጥተው ስከፍተው ሁሉም የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነ። ፊታቸው ጠቆረ። "ጠፋ ማለት ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። አልጠፋም ነበር። የጻፉት ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግእዝ ፎንት ነው። ያኔ ፎንቶቹ የላቲን ፊደሎችን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው የተዋሱት የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱን ፈልጌ ጫንኩት፣ ፊደሉ ተመለሰ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ እንዲህ አይሆንም።

እሱ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ተማሪው ቤቱ በኒያላ ፎንት ይጽፋል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው። ኒያላ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ለምሳሌ ኤብሪማ። ፊደሉ ሰፋ ይላል፣ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ይዞራል። ማውጫው ላይ "ምዕራፍ 3፣ ገጽ 41" ያለው 43 ላይ ይገኛል። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ሁሉ "ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ" የምለው። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። በቴሌግራም ስትልኩልኝም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።

መብራት ላይ አጭር ልበል። ሲሄድ ማከፋፈያውን ነቅዬ አወጣዋለሁ። ሲመጣ ወዲያው አልሰካም፣ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ግፊት ነው ቦርድ የሚያቃጥለው። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ላይ፣ አይሰካም። ማሞቂያው በአንዴ ብዙ ጉልበት ይስባል፣ ትንሹ ዩፒኤስ አይችለውም፣ ይጮኻል ወይም ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ፕሪንተሩ ለብቻው፣ አቅሙ የሚችለው ስታብላይዘር ላይ።

በመጨረሻ ባለ ፈሳሽ ቀለሞቹ። ለቤት የሚገዙት አብዛኛው እነዚህ ናቸው። የእህቴ ቤትም አንድ አለ። ለልጇ የትምህርት ቤት ሥራ ብላ ገዛችው። ሁለት ወር ሳይነካ ተቀመጠ። አንድ እሁድ ልታትም ስትል ሰማያዊው ጭራሽ የለም፣ ጥቁሩ በየመስመሩ ተቆራርጦ ይወጣል። ሄድኩላት። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ ያለውን ማከፋፈያ ነው። ሁልጊዜ የምታጠፋው ከእሱ ነበር። እነዚህ ማሽኖች በራሳቸው ቁልፍ ሲጠፉ የቀለሙን ጭንቅላት ወደ ዳር ወስደው በጎማ ክዳን ይከድኑታል። ከግድግዳ ሲጠፉ ግን ጭንቅላቱ በቆመበት ክፍቱን ይቀራል። ከፀጉር የቀጠኑት ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ።

ማጽጃውን ሁለት ጊዜ አስኬድኩ። ማጽዳት ራሱ ብዙ ቀለም ይጠጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በላይ አልደጋገምኩም። በራሱ ቁልፍ አጥፍቼ እንዲያድር ተውኩት፣ የተጋገረው እንዲርስ። በነጋታው ማታ ደወለችልኝ። አንድ ጊዜ ደግማ አጽድታ ሰማያዊው መጥቷል።

ከዚያ ወዲህ የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ኃላፊነት ተሰጥቷታል። በየእሁዱ አንድ ባለ ቀለም ሥዕል ታትማለች፣ ቀለሙ እንዳይደርቅ። አንዱን ሳምንት አንበሳ፣ አንዱን ሳምንት አደይ አበባ። ባለፈው እሁድ ስሄድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፉ 14 ሥዕሎች ቆጥሬያለሁ። ሰማያዊው በሁሉም ላይ አለ።